ደረቷ የሚያፏጭ ዳኛ

«ፊሽካ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው። ትንሽ ከሮጠች ወይም ከት ብላ ከሳቀች ደረቷ እንደተቀደደ ወናፍ ሲጥ ሲጥ ይል ነበርና፣ «ዝም በሉ፣ ፊሽካ ተነፋ!» እያሉ ይስቁባታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። ኋላ ለመደችው፤ በር አንኳኩታ «ማነው?» ስትባል ራሷ «ፊሽካ ነኝ» ማለት ጀመረች። ዛሬ አርባን ተሻግራም ከእናቷ በቀር በሌላ ስም የሚጠራት የለም ማለት ይቻላል።

እናቷ ስሙን አይወዱትም። የልጃቸው ደረት ባፏጨ ቁጥር የእሳቸው ነፍስ ነበር አፍንጫቸው ላይ የሚደርሰው። ሐኪም አስም መሆኑን ከነገራቸው ጀምሮ ቤቱ በክልከላ ተሞላ፤ አትሩጪ፣ ገመድ አትዝለዪ፣ ደረጃ ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ብዙ አትሳቂ።

«መሳቅም ክልክል ነው እማዬ?»

«ፈገግ በዪ። ፈገግታ ደረት አይነካም።»

በእናቷ ግን ፈርዳ አታውቅም። ያን ጊዜ የሚያውቁት ያንን ነበር፤ ልጅን በሕይወት ማቆየት ከቻሉ ሌላው ትርፍ ነው።

ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ የሷ ሥራ ከሜዳው ዳር ካለው ግንብ ላይ ተቀምጣ የጓደኞቿን ሹራብ መጠበቅ ነበር። ሹራብ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ሥራ ስለሌለው ጨዋታ ያያል። ማን ማንን እንደጠለፈ፣ ኳሷ መስመር አልፋ እንደሆነ፣ ማን ሳይነካ ወድቆ እንደሚንከባለል ከሷ የተሰወረ አልነበረም። የስፖርት አስተማሪው ይህን ልብ አሉና አንድ ቀን ከአንገታቸው ፊሽካቸውን አውልቀው በሹራቦቹ ክምር ላይ ወርወር አደረጉላት።

«መሮጥ ካልቻልሽ የሚሮጡትን አስቁሚያቸው» አሏት።

ነፋችው። ሃያ ምናምን ልጅ ባለበት ቀጥ አለ። ያን ቀን የተሰማትን ነገር ለባሏ ስትነግረው፣ «ሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም» ትለዋለች። ባሏ አይከፋውም፤ ሰውየው በቀላሉ የሚከፋው ዓይነት አይደለም።

ባሏ ሶፋ ሠሪ ነው። ወደ መንገድ የሚከፈት ባለ ሁለት ክፍል ሱቅ አላቸው። ከፊት ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ ወንበሮች ይደረደራሉ፤ ከኋላ የሷ የስፌት ማሽን፣ የጨርቅ ጥቅልና ስፖንጅ አለ። እሱ እንጨቱንና ሞላውን ይይዛል፤ እሷ ልብሱን ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። አሮጌ ሶፋ ሲቀደድ የሚወጣውን ያየ ያውቀዋል፤ የአንድ ቤተሰብ የስንት ዓመት አቧራ፣ የድመት ፀጉር፣ የጠፋ ማንኪያ፣ አንዴማ ጥርስ ወጥቷል። ያ አቧራ በወጣ ቁጥር ደረቷ ይጨመደዳል፤ እሷም ከጉርዷ ኪስ ሰማያዊውን የአስም መርጫ፣ ፓፉን፣ አውጥታ አፏ ውስጥ ትረጫለች፤ ደረቷ ፈታ ሲል ወደ ማሽኗ ትመለሳለች።

ዳኝነቱን አልተወችውም። የሠራተኞች የእግር ኳስ ውድድር በየሳምንቱ መጨረሻ ይካሄዳል፤ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የዱቄት ፋብሪካ፣ የሆስፒታል ሠራተኞች፣ የማተሚያ ቤት ቡድኖች ይጋጠማሉ። ኮርሱን ወሰደች፣ የመስመር ዳኛ ሆነች፣ ቀጥሎም መሐል ሜዳ ገባች። ሴት ናት ብለው ያፌዙ የነበሩ ተጫዋቾች ሁለት ሦስት ቢጫ ካርድ ከቀመሱ በኋላ ሥርዓት ያዙ። አስም እንዳለባት ግን ለማንም አልነገረችም። ጨዋታ ሊጀመር ሲል መጸዳጃ ቤት ገብታ ፓፉን ሳብ ሳብ ታደርግና ቦርሳዋ ሥር ቀብራው ትወጣለች። መጀመሪያ አንዴ ይበቃት ነበር። እያደር ጨመረ። ሐኪም በአንድ ወቅት በየቀኑ የሚወሰድ ሌላ ቡናማ ፓፍ አዝዞላት ነበር፤ «ደህና ስሆን ምን ብዬ መድኃኒት እወስዳለሁ? ሱስ ሊሆንብኝ ነው?» ብላ መሳቢያ ውስጥ ጣለችው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላታል ባሏ።

«የታወቀ እንደሆነ ያወርዱኛል» ትለዋለች እሷ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ደረሰ።

የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ ሾፌሮቹ ከዱቄት ፋብሪካው። ወሩ ደረቅና ነፋሻማ ስለነበር ሣር የሌለው ሜዳ ይጨሳል። እሷ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ጉንፋን ይዟታል፤ በዋዜማው ደግሞ ከባሏ ጋር የአንድ ሆቴል አሮጌ ሶፋ ሲቀድዱ ውለዋል። ይባስ ብሎ አርፍዳ ደረሰችና ሳታሟሙቅ ሮጣ ገባች።

የሾፌሮቹ አሰልጣኝ ራሱ አውቶቡስ ነጂ ነው። «ቆርቆሮ» ይሉታል፤ ሲናገር ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ ስለሚመስል። እሷና እሱ ውሃና ዘይት ናቸው። ያን ቀን በረኛው የሾፌሮቹን አጥቂ ጥሎታል ብሎ ፍጹም ቅጣት ምት ጠየቀ። እሷ አልሰጠችም። ቆርቆሮ ሜዳ ገባ።

«ዓይንሽን ቤት ረስተሽው ነው የመጣሽው?»

ቀይ ካርድ አሳየችው። እየተራገመ ከሽቦው አጥር ውጪ ወጣና እዚያ ሆኖ ጩኸቱን ቀጠለ።

ከእረፍት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዱቄት ፋብሪካዎቹ በመልሶ ማጥቃት ወጡ። እሷ ተከትላ ሮጠች። ደረቷ ላይ ገመድ የጠመጠመ ሰው ያለ መሰላት፤ በሮጠች ቁጥር ያጠብቀዋል። አንዱ ተጫዋች ሲጠለፍ ዐየች፣ ፊሽካውን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ነፋች። ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ፊሽካ የምትነፋበት ትንፋሽ አልነበራትም። ተጫዋቾቹ ዝም ያለች መስሏቸው ኳሱን ይዘው ሄዱ፤ እሷ መሐል ሜዳ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች።

ሰው ሁሉ የተረዳው ዘግይቶ ነው። በተረዳም ጊዜ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ «አስተኟት!» ይላል፤ ሌላው ውሃ ሊደፋባት ባልዲ ያመጣል፤ ሦስተኛው «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት አሽትቷት» ይላል። በዚህ መሐል ከአጥሩ በኩል የሆነ ነገር ሲቀደድ ተሰማ። ቆርቆሮ ነው። አጥሩን ሲዘል ሱሪው ከሽቦው ጋር ቀርቷል፤ ግማሽ ሱሪውን እያንጠለጠለ ሮጦ ደረሰ።

«ራቁ! ማንም አያስተኛት! ቁጭ ትበል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ትበል!» ከኋላዋ ተቀምጦ ደገፋት። ከዚያ ፊቱን ወደ ጆሮዋ አቀረበና፣ ያ ቆርቆሮ የሚሉት ሰው፣ በሹክሹክታ፣ «እህቴ፣ አስም ነው አይደል? አትናገሪ፣ ጭንቅላትሽን ብቻ ነቅንቂ። ፓፍሽ የት ነው?» አላት።

በጣቷ ወደ መልበሻ ክፍሉ አመለከተች። የመስመር ዳኛው ሮጦ ቦርሳዋን ይዞ መጣ። ቆርቆሮ ፓፉን ሲያገኝ ወዲያው አልሰጣትም። የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ተቀብሎ ውሃውን ደፋ፣ ከቡድኑ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ የፋሻ መቀስ አወጣ፣ የጠርሙሱን ቂጥ በፓፉ ልክ ቀደደና ፓፉን ሰካበት። የጠርሙሱን አፍ በአፏ አስያዛት። አንድ ጊዜ ረጨ።

«ቀስ ብለሽ ሳቢ። አውጪ። ድገሚ፣ ሳቢ። አውጪ። አይዞሽ፣ እኔ የትም አልሄድም። ከፈለግሽ ሌላ ቀይ ካርድ ስጪኝ።»

ጥቂት ጠበቀና ሌላ ረጨ። እንደገና። ሜዳው ላይ የሠላሳ ሰው ጫማ ብቻ ነበር የሚታያት፤ ጆሮዋ የሚሰማው ያን ሰላማዊ ድምፅ ብቻ ነበር። ከንፈሯ መልኩን መመለስ ሲጀምር፣ «አሁንም አልበቃም፣ ሆስፒታል ነው» ብሎ የቡድኑን አውቶቡስ አስነሣ። ሁለቱ ቡድኖች ባንድ አውቶቡስ፣ ከነአቧራቸው፣ ሆስፒታል ገቡ።

ባሏ ሙጫ ከእጁ ሳያጥብ ሮጦ ሲደርስ የኦክስጅን ጭምብል አፍንጫዋ ላይ ተደርጎ፣ በጭጋግ መልክ የሚሰጠውን መድኃኒት ስባ፣ ዓይኗን ገልጣ አገኛት። ቆርቆሮ የተቀደደ ሱሪውን በቱታ ሸፍኖ ከአልጋዋ ግርጌ ቆሟል።

«አንተ ነህ ያዳንካት?» አለው ባሏ።

«እኔ ምን አደረግሁ። ባለቤቴ አስም አለባት፤ ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጌ አስተንፍሻታለሁ። ጠርሙሱንም ያሳየኝ የሷ ሐኪም ነው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «በዚህ ውለታ ቀይ ካርዱ አይነሳልኝም?» አለ።

ፊሽካ ጭምብሉ ሥር ሆና ጣቷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች፦ አይነሣም። በክፍሉ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባሏ ግን በሳቁ መሐል አለቀሰ።

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ሳንባ ክሊኒክ ላኳት፤ እዚያ የጠበቀቻት «ሲስተር» ነች። ፀጉሯ የሸበተ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ሰው ሲያስተነፍስ የኖረች ነርስ። አፍንጫዋን በመቆንጠጫ ዘግታ የትንፋሽ መለኪያውን መሣሪያ ቱቦ አስነከሰቻት።

«ደረትሽ እስኪሞላ ሳቢ... አሁን ንፊ! ንፊ ንፊ ንፊ ንፊ! ገና ነው፣ ገና ነው፣ ጨምቂው፣ ጨምቂው!»

ፊሽካ ዓይኗ እስኪፈጥ ነፋች። ስክሪኑ ላይ አንድ ጎበጥ ያለ መስመር ወጣ። ሲስተር ሰማያዊውን ፓፍ አስወሰደቻት፣ ትንሽ አስቀመጠቻትና እንደገና አስነፋቻት። ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ጎልቶ ወጣ።

«አየሽው? ቧንቧሽ ጠቧል እንጂ አልሞተም፤ ይከፈታል። ቡናማውን መድኃኒት ትወስጃለሽ?»

ፊሽካ አቀረቀረች።

«ስሚኝ ልጄ። ሰማያዊው እሳት አጥፊ ነው። ቡናማው ዘበኛ ነው፤ እሳቱ እንዳይነሣ የሚጠብቅ። አንቺ ዘበኛውን አባረሽ በየቀኑ እሳት አጥፊ ትጠሪያለሽ። ሱስም አይሆንብሽም። ወስደሽ አፍሽን ትጉመጠመጫለሽ፣ አለቀ። ደህና ስትሆኚም አታቋርጪ፤ ደህና ያደረገሽ እሱ ነውና።»

ፊሽካ ከመጣች ጀምሮ ምላሷ ጫፍ ላይ የነበረውን ጥያቄ አወጣችው። «ሲስተር፣ ዳኝነቱ... በቃ ማለት ነው አይደል?»

«ማን አለ?»

«እኔ እንጃ። ሁሌም አትሩጪ ነው የምባለው።»

«ትሮጫለሽ እንጂ! ያልተንቀሳቀሰ ደረት ይብስበታል። ግን እስከ ዛሬ እንደ ሌባ ነው ስትሮጪ የኖርሽው፣ ተደብቀሽ። ከእንግዲህ እንደ ባለቤት ትሮጫለሽ።»

ፊሽካ የዚያን ዕለት በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማ አለቀሰች። ሲስተር በሕይወቷ «ሩጪ» ብላ የነገረቻት የመጀመሪያዋ ሰው ነበረች።

ነገሩ ግን በአንድ ጊዜ አልሆነም። መጀመሪያ መድኃኒቱ ሥራውን እስኪሠራ መራመድ ብቻ ተፈቀደላት። «ልኩን በምን ላውቅ?» ብላ ብትጠይቅ ሲስተር፣ «ማውራት እየቻልሽ መዝፈን ካቃተሽ ልኩ ያ ነው። ማውራትም ካቃተሽ ቀንሺ» አለቻት። እንግዲህ ለማውራት ሰው ያስፈልጋል። ባሏ አብሯት ወጣ። ወግ ሲያልቅበት የደንበኞችን ሐሜት ጀመረ፤ ሐሜቱም ሲያልቅ ስለ እንጨት ዓይነት ማስተማር ያዘ። እሷ ትንፋሿ እየረዘመ ሲሄድ እሱ ቦርጩን ጣለ። «አስሙ ያንቺ፣ ክሳቱ የእኔ» እያለ ቀበቶውን በምስማር ይበሳል።

በየጠዋቱ የምትነፋባት ትንሽ ቱቦ ተሰጣት፤ ደረቷ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ጠቋሚዋ ታሳያለች። ቱቦዋ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም አለ። ዳኛዋ ይህን ስታይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ዛሬ ምን ሰጠሽ?» ይላታል ባሏ ከጓዳ።

«ቢጫ።»

ቢጫ በሆነ ቀን ሩጫ የለም፤ ሐኪሙ የነገራትን መድኃኒት ትጨምራለች። ቀይ ከሆነ ሆስፒታል ነው። አሮጌ ሶፋም በሷ ፊት መቀደዱ ቀረ፤ ባሏ ጓሮ አውጥቶ፣ ውሃ ረጨት አድርጎ፣ እሷ በሌለችበት ይቀደዋል። ስትሰፋም አፍና አፍንጫዋን ትሸፍናለች። ብርድ ሲሆን በሻርፕ ተከናንባ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ትወጣለች። ጉንፋን ከያዛት ቤቷ ትቀመጣለች።

አንድ ጊዜ ግን ልቧ አበጠ። ደረቷ ሳያፏጭ ሳምንታት ስላለፉ አንድ ጠዋት ሳታሟሙቅ ዳገቱን ሽቅብ በረረች። ግማሽ መንገድ ላይ ገመዱ ተጠመጠመ። ተቀመጠች፣ ከኪሷ ሰማያዊውን አውጥታ ሳበች፣ ጠበቀች፣ አለፈላት። ለሲስተር ስትነግራት ተቆጣች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማሽም? ደረትም እንደ ሰው ነው፤ ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሱት ቀስ ተብሎ ነው። መጀመሪያ ተራመጂ፣ ከዚያ ሶምሶም፣ ከዚያ ፈጠን፣ ከዚያ እረፍት። ሐኪሙ እንዳዘዘልሽም ከጨዋታ በፊት ፓፉን ሳቢ፤ መጸዳጃ ቤት ሳይሆን ሰው ፊት። ስትጨርሺም ቀስ እያልሽ አቀዝቅዢው፤ ድንገት አትቁሚ።»

«ሰው ፊት» የሚለው ከሁሉ ከበዳት። ቢሆንም በዳኞች ስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናገረች፤ አስም አለብኝ፣ መድኃኒቴ ከእንግዲህ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ትርፉን የመስመር ዳኛው ይይዝልኛል፣ እንዲህ ከሆንኩ እንዲህ አድርጉልኝ አለች። ያወርዱኛል ብላ ስትጠብቅ ሰብሳቢው፣ «የብቃት ፈተናውን ካለፍሽ፣ ሐኪምሽም ከፈቀደ ሜዳው ያንቺ ነው» አሏት። ከኋላ ወንበር ደግሞ አንድ ጎልማሳ ዳኛ እጁን በዝግታ አወጣ። «እኔም አለብኝ» አለ። ሌላው ቢቀር ለዚያች ቃል ስትል መናገሯን ወደደችው።

ፈተናውን አለፈች። አንደኛ አልወጣችም፤ ከኋላ ሦስተኛ ነበረች። መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ግን ሳታቋርጥ «ጨረስኩ፣ ተመስገን፣ ጨረስኩ» እያለች ነበር፤ ማውራት ትችል ነበር ማለት ነው።

ከሾፌሮቹ ጋር እንደገና የተገናኘችው በአዲሱ ዓመት ውድድር ነው። ቆርቆሮ በመስመሩ ዳር እንደ ልማዱ ያንኳኳል። ውለታው ስላለባት ታልፈዋለች ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል፤ ለሁለተኛ ጊዜ መስመሩን ሲያልፍ ቢጫ ካርድ አሳየችው። «ምነው እኔ ባላዳንኩሽ ኖሮ!» ብሎ ጮኸ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሁለት እጁን ይዛ ጉንጩን ሳመችው።

«ወንድሜ፣ ያን ቀን ማመስገኛ ትንፋሽ አልነበረኝም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ቆርቆሮ ወደ አጥሩ ዞሮ አንዲት ቀጭን ሴት ጠራ። ባለቤቱ ናት፤ ያ ሁሉ ጠርሙስ የተቀደደላት። ከግቢዋ በር አልፋ ከሄደች ስንት ጊዜዋ ነው፤ ዛሬ ባሏ በመኪና አድርሷት ከወንበር ሳትነሣ ነው ጨዋታውን ያየችው።

«አስም ያለባት ሴት ስትሮጥ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት» አለቻት። «እሱ ሲነግረኝ አላመንኩትም፤ ማጋነን ይወዳል።»

«ሲስተር ጋ ልውሰድሽ?» አለቻት ፊሽካ።

ወሰደቻት። እሷም ነፋች፣ እሷም ዘበኛዋን አባርራ ኖሮ ሲስተር ተቆጣቻት፣ እሷም መራመድ ተፈቀደላት። አሁን ሁለቱ ሴቶች ከጠዋቱ ብርድ በኋላ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ከሶፋ ቤቱ ደጃፍ ተነሥተው በዛፎቹ ሥር ባለው የእግረኛ መንገድ ይሄዳሉ፤ ባሎቻቸው ውሃና ሹራብ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። የቆርቆሮ ሚስት መጀመሪያ ቀን እስከ ዳቦ ቤቱ ነበር የደረሰችው። ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ጋ ደረሰች።

እዚያ ደክሟት ቆመች፤ የድልድዩን ብረት ተደግፋ ትከሻዋ ወደ ላይ ይነሣል። ባሏ ደንግጦ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ፊሽካ በእጇ ዝም አሰኘችው።

«ትከሻሽን ጣዪው። በአፍንጫሽ ሳቢ፤ አሁን ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዢ ከንፈርሽን ሞጥሞጥ አድርገሽ በረጅሙ አውጪው። አትቸኩዪ፤ የሚያሳድደን የለም።»

ሴትየዋ እንደተባለችው አደረገች። ከድልድዩ ሥር ውሃው ይሄዳል፤ አንድ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ አለፋቸው፣ ሰላም አላቸው። ሁለቱ ባሎች እንደ ሁለት የቆሙ ምሰሶዎች ሳይንቀሳቀሱ ይጠብቃሉ። ቆይታ ቆይታ ቀና አለች፤ ጉንጯ ቀልቷል።

«ከዚህ ወዲያ ምን አለ?» አለች፣ መንገዱን እያየች።

«የአትክልት ቦታ። ከዚያ ትንሽ ዳገት።»

«ዳገቱ ይቆየን» አለችና ሻርፗን አስተካክላ መራመድ ጀመረች።